የፊዚክስ ተማሪ ከቀመሩ ጋር መለኪያም ይያዝ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ከሚቀበላቸው ተማሪዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት የመጀመሪያ ምርጫቸው ስላልደረሳቸው ተመድበው የመጡ ናቸው። ይህን እያወቅን፣ ልባቸውን ሊማርክ የሚችለውን ነገር፣ ማለትም ተፈጥሮን በገዛ እጅ መለካትን፣ ከሰሌዳው ትምህርት ኋላ ማስቀመጣችን እጅግ ያሳስበኛል።

የመሣሪያ እጥረት እውነተኛ ችግር ነው። ሆኖም ለመጀመሪያው ትምህርት ክርና ጠጠር ይበቃል። በአንድ ሜትር ክር የተንጠለጠለ ጠጠር በትንሹ ሲወዛወዝ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ተማሪው የ100 ውዝዋዜ ጊዜ በስልኩ መዝግቦ የመሬት ስበት ፍጥንጥነትን ማስላት ይችላል። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ብሎ የሸመደደው ይህ ቁጥር፣ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችውና 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ወደ 9.77 ዝቅ ይላል። ይህ ልዩነት በ100 ውዝዋዜ ጊዜ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከሰከንድ ሲሶ አይበልጥም፤ ጣት ሰዓቱን ለማስቆም የምትዘገየውም ከዚህ ብዙ አያንስም። ከማንጠልጠያው እስከ ጠጠሩ መካከል ያለው ርዝመት በአንድ ሚሊሜትር ቢሳሳት ደግሞ ውጤቱ በ0.01 ገደማ ይዛባል። ይህን ያየ ተማሪ መልሱ ምን ያህል እንደሚታመን ራሱን መጠየቅ ይጀምራል፤ በእኔ እምነት የፊዚክስ ትምህርት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ይህ ልማድ ከክፍል ውጭ የሰው ሕይወት ይነካል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ለሚወስድ የካንሰር ሕመምተኛ የጨረሩን መጠን ማስላትና መሣሪያው ያንኑ መጠን መስጠቱን በመለኪያ ማረጋገጥ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ሥራ ነው። ይህ ባለሙያ የመለኪያውን የስሕተት ወሰን ሳያውቅ ሥራውን ሊሠራ አይችልም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና በመሆኑ፣ ክር ለክቶ ስሕተቱን የመረመረውን ተማሪ ቀመሩን ብቻ ከያዘው ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። ፈተናው ይቅር አልልም፤ ነገር ግን መምህሩም ተማሪውም ጊዜያቸውን ሁሉ ለእርሱ ብቻ ካዋሉት ቤተ ሙከራው ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ የቤተ ሙከራ ደብተር ተማሪው ትምህርት ክፍሉን ከተቀላቀለበት ሴሚስተር አንሥቶ ከፍ ያለ ነጥብ ይያዝለት፤ ከምረቃ በፊትም እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ የለካውን አንድ ውጤት ከነስሕተት ወሰኑ ይዞ በመምህራኑ ፊት ቀርቦ ያስረዳ።