ከፊታችሁ ጀርባ ያለው ቤተ ክርስቲያን

ላስታ ድረስ ዘልቃችሁ የዋሻውን ቤተ ክርስቲያን፣ ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ለተሳለማችሁልን ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው። ከላሊበላ በመኪና፣ ከዚያም በጽድ ደን መሐል ዳገቱን በእግር ወጥቶ ዋሻው አፍ መድረስ ቀላል ድካም አይደለም። ያን ሁሉ የለፋችሁት እንጨትና ኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ እንዴት እንደ አክሱም ዘመን ግንብ እንደሚቆም ለማየት እንዳልሆነ ይገባናል። ግንቡማ ከ800 ዓመት በላይ እዚያው ነው፤ የትም አይሄድ። የሚያልቀው የስልክ ባትሪ ነው።

በተለይ አንዱን ወንድማችንን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ዋሻው ውስጥ፣ በዚያ ጨለማ፣ ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም። ቄሱ ቤተ ክርስቲያኑን ስላሳነጸው የዛግዌ ንጉሥ ሊያስረዱት ገና አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «አባ፣ እሱ ይቆየንና መስቀሉን ትንሽ ከፍ ያርጉልኝ» አላቸው። ከፍ አደረጉ። «ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉልኝ።» ዞሩ። «ውይ፣ ዐይንዎን ጨፈኑ፣ አንዴ ይድገሙልኝ።» ደገሙ። በመጨረሻው ፎቶ ላይ መስቀሉም አባም ተቆርጠው ወጥተው የወንድማችን ፊት ብቻ ቀረ። ትርፍ ነገር የማይወድ ሰው!

ፍላሹም አይረሳ። በአገራችን ከጥንታውያኑ የሚቆጠሩት እነዚያ የግድግዳ ሥዕሎች ዕድሜ ልካቸውን በጧፍ ሲታዩ ኖረው፣ ዛሬ በየደቂቃው መብረቅ ይወርድላቸዋል። ቀለሙን በጣት ፈተግ አድርጋችሁ «ይለቅ ይሆን?» ማለታችሁም ለምርምር ያላችሁን ጥማት ያሳያል። ይለቃል።

በየገጠሩ ደብር ግድግዳ ላይ ስማችሁን በሚስማር ለቀረጻችሁትማ ምን እንበል? የልጅ ልጆቻችን ማን እንዳነጸው ቢጠፋባቸው እንኳ ማን እንደጎበኘው አይጠፋባቸውም።

ከቤተ መቅደሱ ጀርባ፣ በዋሻው ጥግ፣ ከሩቅ መጥተው እዚያው ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው የሚባልላቸው ብዙ አስከሬኖች ደርቀው ተጋድመዋል። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። የኛ ሰው ግን ቁጢጥ ብሎ፣ ሁለት ጣቱን ዘርግቶ፣ ፈገግ አለላቸው። እነሱም ጥርሳቸውን አልከለከሉትም።

ማምሻውን ፎቶው ተለጠፈ፤ «ከታሪኬ ጋር፣ ላሊበላ» ይላል። ይምርሐነ ክርስቶስ የሚለው ስም ረዝሞበት ይሆናል። ላይኩ ጎረፈ። የመጀመሪያው ኮመንት «ወንድሜ፣ መነጽሯን ከየት ገዛሃት?» የሚል ነበር፤ እሱን ወዲያው መለሰ።