ሥዕል ሐዘንን አያለሰልስም
አሳዛኝ እውነተኛ ታሪኮችን በአኒሜሽን፣ ማለትም በሚንቀሳቀስ ሥዕል፣ ስለሚያቀርቡ ፊልሞች የወጣው ጽሑፍ «አኒሜሽን ሐዘኑን ያለሰልሰዋል» ይላል፤ ይህ ሐሳብ አልተዋጠልኝም። የአሜሪካዊውን የካርቱን ሠዓሊ የዊንሰር ማኬይን «የሉሲታኒያ መስመጥ» እዩት፤ በ1918 እ.ኤ.አ. የተሠራ ድምፅ አልባ የአኒሜሽን ፊልም ነው። የእንግሊዝ የመንገደኞች መርከብ የነበረችው ሉሲታኒያ በ1915 በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ በ18 ደቂቃ ስትሰምጥ የቀረጸ ካሜራ አልነበረም። ማኬይ ግን በሺዎች በሚቆጠሩ ሥዕሎች አሳየን። ሰዎች ከመርከቧ ጠርዝ ሲረግፉ ይታያል። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ሕፃኗን ከውኃው በላይ ለማቆየት ትታገላለች። እዚያ ላይ አንጀቴ ተላወሰ። የጦርነት ቅስቀሳም አለበት፣ ይሄ አይካድም። ከላይ በአስተያየትህ «ካርቱን የልጆች ነው» ያልከው ወንድሜ፣ ይህን ለልጁ የሚያሳይ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ደግሞም ፊቱን ማሳየት ለሚፈራ ሰው ሥዕል ከለላ ነው። በ2021ዱ «ፍሊ» በተባለው የአኒሜሽን ዘጋቢ ፊልም አፍጋኒስታናዊው ስደተኛ የደበቀውን ታሪኩን የተናገረው ማንነቱ ተሸፍኖለት ነው።