ለ«የዛሬ ልጅ!» ባዮች የቀረበ ምስጋና

ሐውልት ሊቆምላቸው የሚገባ ሰዎች አሉ። ደመወዝ አይጠይቁም። እረፍት አይወጡም። ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አይጠፉም። አንድ ወጣት በአጠገባቸው ሲያልፍ ጸጉሩን ያያሉ፣ ሱሪውን ያያሉ፣ ጆሮው ላይ የሰካውን ነገር ያያሉ። ከዚያ ከንፈራቸውን መጠጥ፣ ራሳቸውን ወዝወዝ ያደርጉና ፍርዱን ያሰማሉ። «ወይ የዛሬ ልጅ!»

በቃ። ጥናት የለ፣ በጀት የለ፣ ኮሚቴ የለ። አንድ ትውልድ በሦስት ቃል ተፈትኖ፣ ወድቆ፣ ፋይሉ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና የት ይገኛል?

ወጣቱን የሚወቅስ ሞልቷል። ወቃሹን የሚያመሰግን ግን አላየሁም። ይህን ግፍ ዛሬ ላርም ነው የተነሳሁት።

መጀመሪያ ጽናታቸው ይደነቅ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በ1816 ዋልትዝ የሚባለው ጭፈራ ለንደን ውስጥ የንጉሣውያን ግብዣ ላይ ሲታይ፣ ዘ ታይምስ ጋዜጣ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ከዚህ ተላላፊ በሽታ እንዲጠብቁ አስጠነቀቀ። ዛሬ ዋልትዝ ጨዋ አዛውንት የሚጨፍሩት ጨዋ ጭፈራ ነው። በ1954 የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ኮሚክ መጽሔት ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል ወይ ብሎ ምስክር ሰማ። በ1957 ደግሞ ኤልቪስ ፕሪስሊ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ሲዘፍን ካሜራው ከወገቡ በላይ ያለውን ብቻ አሳየ። ችግሩ ዳሌው ነበራ። ዳሌው ካልታየ የለም ማለት ነው። አንድ ትውልድ በካሜራ ባለሙያ እጅ ከጥፋት ዳነ።

ከሁሉ በላይ ግን የሚወዱት ማስረጃ የሶቅራጥስ ነው። መቼም ደርሷችኋል። የዛሬ ልጆች ምቾት ይወዳሉ፣ ታላቅ አያከብሩም፣ በወላጆቻቸው ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ የምትለዋ ጥቅስ። ከጢማሙ ሐውልት ፎቶ ጋር ትመጣለች። ችግሯ አንዲት ብቻ ነች። ሶቅራጥስ አላላትም። ኬነዝ ጆን ፍሪማን የተባለ የካምብሪጅ ወጣት ምሁር የጥንት ግሪኮችን እሮሮ በራሱ አባባል ጨምቆ የጻፋት ነች። የታተመችውም በ1907 ነው። ከጊዜ በኋላ ሰዎች ሰብሰብ አድርገው ለሶቅራጥስ ሸለሟት።

ጀግኖቻችን ግን በዚህ አይበገሩም። ለመሆኑ ጥቅሷ እውነት ብትሆን ምን ታረጋግጣለች? ልጆች ከ2,400 ዓመት በፊትም «ተበላሽተው» እንደነበር። እነሱ ግን ልጅ የተበላሸው ዘንድሮ መሆኑን ለማስረዳት ይጠቀሙባታል! ለዚህ ተራ አእምሮ አይበቃም። ደግሞ ያ «የተበላሸ» የአቴና ወጣት መሃል ፕላቶ የሚባል ልጅ ነበረበት። ሶቅራጥስ ራሱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 መርዝ ጠጥቶ የሞተው በምን ተከሶ ነው? አንደኛው ክስ «ወጣቱን አበላሸ» የሚል ነበር። የከሰሱት እነማን እንደነበሩ በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል። ከንፈራቸው ሲመጠጥ ይሰማኛል።

አንዳንድ ምቀኞች ይህን ጥበብ ሊመረምሩት ተነስተዋል። ጆን ፕሮትስኮና ጆናታን ስኩለር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2019 አንድ ጥናት አሳተሙ። ከ3 ሺህ የሚበልጡ አሜሪካውያንን ጠየቁ። ማንበብ የሚወድ ሰው «የዛሬ ልጆች አያነቡም» ይላል። ታላቅን ማክበር ላይ ጠንካራ የሆነ «የዛሬ ልጆች ታላቅ አያከብሩም» ይላል። ሰው እሱ ጎበዝ በሆነበት ነገር ላይ ወጣቱን ያሳንሳል። ምክንያቱስ? የልጅነቱን ዘመን ሲያስታውስ የዛሬውን ራሱን ወስዶ እዚያ ይተክላል። በ45 ዓመቱ ያነበበውን በ15 ዓመቱ ያነበበው ይመስለዋል። የክፍል ጓደኞቹም ሁሉ አብረውት ሲያነቡ ይታዩታል። እንዲህ ያለ ብሩህ ትዝታ ያለውን ሰው ማመስገን ሲገባ በጥናት ማሳጣት ነውር ነው።

የምስጋናዬ ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዓለምን የሚቀያይረው ታላቅ የተባለው ነው። መንገዱን የሚዘረጋው፣ ፋብሪካውን የሚዘጋው፣ ኪራዩን የሚጨምረው፣ መሣሪያውን ፈልስፎ የሚሸጠው እሱ ነው። ታናሹ ሲደርስ ሁሉም ተቀይሮ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ለዚህ ለተቀየረው ዓለም አንድ መላ ይፈልጋል። መላው አዲስ ዘፈን፣ አዲስ ሱሪ፣ አዲስ አነጋገር ሆኖ ብቅ ይላል። ይሄኔ ታላቁ ይደነግጣል። «ይሄ ደሞ ከየት መጣ?» ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚል ተረት የሚያነሳ ይኖራል። እኔ ግን ዳዋው ቢጠና ነው የምል ሰው ነኝ።

ብሮንክስን እንውሰድ። የኒው ዮርክ አንዱ ክፍል ነው። ከ1948 ጀምሮ ጨዋ ጨዋ ሰዎች ሰፈሮቹን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ የሚያልፍ አውራ ጎዳና ሠሩበት። ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተነቀለ። አቅም ያለው ሰፈሩን ጥሎ ሄደ። በ1970ዎቹ ሕንፃዎቹ ተራ በተራ ይነዱ ጀመር። ኪራዩ አላዋጣ ያላቸው አንዳንድ ባለቤቶች የኢንሹራንስ ገንዘብ ለመብላት ራሳቸው ያስለኮሱት እሳትም ነበረበት። ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ ያደረገው ጸጉሩን በሥርዓት የተቆረጠ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ነው። ሱሪው እላዩ ላይ አልተንዘላዘለም።

ልጆቹስ ምን አደረጉ? ኦገስት 11 ቀን 1973 ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ አጠራት። በሚኖሩበት ሕንፃ፣ በሴጅዊክ አቬኑ 1520፣ የጋራ አዳራሹን ይዛ ዳንስ አዘጋጀች። መግቢያ ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። ሸክላ የሚያጫውተው የ18 ዓመት ወንድሟ ክላይቭ ነበር፤ ሰፈሩ ዲጄ ኩል ኸርክ ይለዋል። ይህ ልጅ አንድ ነገር ልብ ብሏል። ጨፋሪው የሚነቃው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር ነው። ያቺ ቦታ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ነች። ገና ሞቅ ሲል ታልቃለች። እሱ ምን አለ? አንድ ዓይነት ሸክላ ሁለት አድርጎ በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀመጠ። አንዱ ከበሮውን ሲጨርስ ሌላውን መርፌ እዚያው ቦታ ላይ ያሳርፋል። ያኛው ሲያልቅ ይሄኛውን ወደ ኋላ መልሶ ይጀምራል። ሰከንዶቹ ደቂቃ ሆኑ። ሂፕሆፕ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ምሽት ነው።

የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳይኖር፣ ባንድ ሳይኖር፣ ከሚቃጠል ሰፈር ውስጥ። ከንፈር መጣጮቻችን ታዲያ ጎዳናውንም ጭሱንም አልፈው ዋናውን ነገር አገኙት። «ይሄ ሙዚቃ ነው? ጩኸት ነው እንጂ!»

ይቅር ባይነታቸውም አይካድም። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይመጣል። አንዱን ነገር መጀመሪያ ያወግዙታል። ቀጥለው ይሸጡታል። ከዚያ ይሸልሙታል። በመጨረሻም መስታወት ውስጥ አስቀምጠው በቲኬት ያስጎበኙታል። ያ «ጩኸት» በ2018 ራፐሩን ኬንድሪክ ላማርን የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት አሸለመው። በከበሮው ላይ መሬት ለመሬት ሲሽከረከሩ የነበሩት «ዱርዬዎች» ጭፈራ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ዳኛ ተቀምጦለት፣ ሜዳሊያ ተቆርጦለት ታየ። ሚኒ ቀሚስን ያስለመደችው ሜሪ ኳንት ከእንግሊዝ ንግሥት እጅ ኒሻን የተቀበለችው በ1966 ነው፤ ገና ውግዘቱ ሳይበርድ። ጂንስማ የባሰ ነው። በ1873 የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው ለጉልበት ሠራተኛ ታስቦ ነበር። በ1950ዎቹ ወጣቶች ሲለብሱት የዱርዬ ምልክት ተባለ፣ ትምህርት ቤቶች ከለከሉት። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ዓርብ ዓርብ ይለብሰዋል። ሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሎት ይታገላል እንጂ አላወለቀም።

ስልክ ላይ ስንደርስ ደግሞ ብቃታቸው ጣሪያ ይነካል። አንድ ትዕይንት ላሳያችሁ። ሰውዬው ሶፋ ላይ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን እጃቸው እስከሚችለው አርቀው ይዘዋል። ከሩቅ ዘመድ አንድ ቪዲዮ ደርሷቸዋል። ስልክ ልጆቻችንን እንዴት ነጠቀን የሚል ነው። ድምፁን እስከ ላይ ከፍተው ይሰማሉ። ለቤተሰቡ ግሩፕ ላኩት። ለመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላኩት። ለቀድሞ ክፍል ጓደኞቻቸው ግሩፕ ሁለት ጊዜ ላኩት፤ መጀመሪያ የላኩት ያልሄደ መስሏቸው። ከሥሩ በአንድ ጣት፣ ፊደል እየለቀሙ «ያሳዝናል» ብለው ጻፉ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጧል። «አባዬ» አለ። «ቆይ አንዴ!» «አባዬ?» «ቆይ አልኩህ እኮ!» ልጁ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ የራሱን ስልክ አወጣ። ይኸው! ሰውዬው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አየሽው? ቀና ብሎ ሰው አያይም።»

እንግዳ መጥቶ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ሲያለቅስ፣ ዝም እንዲል ያንን ስልክ እጁ ላይ ያስቀመጠለት ማን ነበር? እሱን አላነሳም። ምስጋና ነው የያዝኩት።

ስለ ሥራ ወዳድነትም ያስተምሩናል። ማስታወቂያው «ጀማሪ ሠራተኛ እንፈልጋለን፤ ቢያንስ 3 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ይላል። ልጁ አልተቀጠረም። ሰነፍ ስለሆነ ነዋ! ቻይና ውስጥ ብዙ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ሠራተኛቸውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ያሠሩ ነበር። በ2021 ወጣቶቹ መላ መቱ። ዝም ብሎ ጋደም ማለት። እድገትም አልፈልግ፣ ቤትም አልገዛ፣ አልጋዬ ይበቃኛል። የመንግሥት ሚዲያዎች ምን ዓይነት አሳፋሪ ትውልድ ነው ብለው ተነሱባቸው። በዚያው ዓመት በኦገስት የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያ የሥራ ሰዓት ከሕግ ውጭ መሆኑን ተናገረ። እንግዲህ የተጋደሙት ልጆች ሕጉን ከቆሙት ቀድመው አንብበውት ነበር ማለት ነው። ይቅርታ የጠየቃቸው ግን አልሰማሁም። ተኝተው ይሆናል።

ፖለቲካ ላይማ አመልካች ጣታቸው አታርፍም። ወጣቱ ዝም ካለ «ግድ የለውም፣ ለሀገሩ አይቆረቆርም» ነው። የተናገረ እንደሆነ ደግሞ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ከጀርባቸው ማን አለ?» ይላሉ። በ2018 ግሬታ ቱንበርግ የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሰሌዳ ይዛ ስዊድን ፓርላማ ደጅ ብቻዋን ተቀመጠች። አየሩን ከበከሉት ሰዎች የመጣው ምክር ፈጣን ነበር። «ትምህርትሽን ተማሪ!» ለምን እንደምትማር ልጅቷ ጠይቃ ነበር፤ የምትማርለት ዓለም ይኖራል ወይ ነው ጥያቄዋ። እሱን ለሌላ ስብሰባ አስተላለፉት።

አንዳንዶች ይህ ታላቅ ሙያ ባለሙያዎቹ ሲያረጁ ይጠፋል ብለው ይሰጋሉ። አትስጉ፤ ተተኪ ሞልቷል። ባለፈው አንድ የ26 ዓመት ጎረምሳ የእህቱ ልጅ ስልክ ላይ አንገቱን ሰግጎ ሲያይ አገኘሁት። የሚያየውን አልወደደውም። ከንፈሩን ገና በወጉ መምጠጥ አልቻለበትም፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ንግግሩ ግን እንከን አልነበረበትም።

«ምን ዓይነት ልጆች ናቸው? በኛ ጊዜ እኮ ቲክቶክ እንኳ ሥርዓት ነበረው!»