ፖዘቲቩ በጣሪያ፣ ኔጌቲቩ በወለል

በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚለውጥ ማሽን፣ ቀብሬአለሁ። ሁለቱም የሞቱት መንዝ፣ ወላጆቼ ቤት ውስጥ ነው። የገደላቸውም የዕቃው መናኛነት ወይም የባትሪው እርጅና ሳይሆን፣ ከባትሪው እስከ ኢንቨርተሩ የተዘረጉት ሁለት ገመዶች የሄዱበት መንገድ ነው። ይህን እስካውቅ ድረስ የጠየቅኋቸው ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ሁሉ ስለ ገመዱ ውፍረት ብቻ ሲነግሩኝ፣ ገመዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ አንድም ሰው አለመጠየቁ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር። የወላጆቼ ቤት ከመብራት መስመር የራቀ በመሆኑ ከወንድሞቼ ጋር ተዋጥተን ቆርቆሮው ላይ የፀሐይ ፓኔል አስገጠምን፤ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የሆኑ አራት ባትሪዎችን ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አገናኝተን 24 ቮልት አደረግን፤ 3000 ዋት የሚል ኢንቨርተርም ገዛን። ባትሪዎቹ ጓዳ ገቡ። ኢንቨርተሩ ግን እንግዳ እንዲያየው ተብሎ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተሰቀለ፤ በመካከላቸው አምስት ሜትር ያህል ርቀት አለ። ገጣሚው ፖዘቲቩን ገመድ በበሩ መቃን ላይ አሳልፎ በጣሪያው ሥር ወሰደው፤ ኔጌቲቩን ደግሞ በወለሉ ጥግ ለጥግ አስኬደው። የተረፈውን ሁለት ሜትር ያህል ገመድ እንደ ጠፍር ጠቅልሎ ከኢንቨርተሩ ጀርባ በምስማር ሰቀለው። እውነቱን ለመናገር ሥራው ለዓይን ያምር ነበር፤ እማዬም ቡና አፍልታ መረቀችው። ሲሄድ ለአባቴ የነገረው ቃል ግን እስከ ዛሬ እንደ ውግዘት ተጠብቆ ኖሯል፦ «አባባ፣ ሁለቱ ገመዶች ከተጠጋጉ እሳት ይነሳል።»

መብራቱና ቴሌቪዥኑ ያለ ችግር ሠሩ። ጣጣው የጀመረው የጉድጓዱን የውኃ ፓምፕ ስናስነሳ ነው። ፓምፑ ገና ሲያጓራ ኢንቨርተሩ ባትሪ አልቋል ብሎ ይጮኻል፣ አንዳንድ ጊዜም ራሱን ያጠፋል፤ ያውም እኩለ ቀን ላይ፣ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ። በቴስተር ስለካው 25 ቮልት ያሳየኛል። ማሽኑ ራበኝ ይላል፣ ቴስተሩ ጠግቧል ይላል። በሰባተኛው ወር ኢንቨርተሩ አንድ ጊዜ ጧ ብሎ ዝም አለ።

ተሸክሜው አዲስ አበባ፣ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ስመለስ ነጋዴው ክዳኑን ሳይከፍት «ወንድሜ፣ ይህን ሙቀት ነው የገደለው» አለኝ። ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሰው በግንቦትም በርኖስ በሚደርብበት አገር የኖረ ዕቃ በሙቀት ሞተ ተባልኩ። አፋር ቢሆን ኖሮ ምን ሊለኝ ነበር? ሌላው ባለሙያ ደግሞ ጥፋቱን ባትሪው ላይ ጣለ። ሦስተኛው የገመዱን ውፍረት ጠየቀኝ፤ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር መሆኑን ስነግረው አንገቱን እየነቀነቀ «ቀጭን ነው፣ 70 ግዛ» አለኝ። ገዛሁ። መዳብ ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ የገዛ ያውቀዋል። አዲሱን ወፍራም ገመድ በዚያው በአሮጌው መንገድ፣ ፖዘቲቩን በላይ፣ ኔጌቲቩን በታች አድርገን ዘረጋነው፤ ሁለተኛው ኢንቨርተርም ዓመት ሳይሞላው የመጀመሪያውን ተከተለ።

ሁለተኛውን ክዳኑን ራሴ በካቻቢቴ ፈትቼ ሳየው፣ ከባትሪው ገመድ መግቢያ አጠገብ የተደረደሩት ካፓሲተሮች (ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) አናታቸው እንደ ተነፋ ዳቦ አብጧል፣ ከአንዱም ቡናማ ፈሳሽ ወጥቷል። ያን ጊዜ ነው ከካርቶኑ ሥር የቀረውን፣ ማንም ገልጦት የማያውቀውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ያነበብኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ የባትሪው ገመዶች በተቻለ መጠን አጭር ይሁኑ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይታሰሩ ትላለች። ለምን እንደሆነ አትናገርም። ምክንያቱ ከትእዛዙ ጋር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ገጣሚውም እኔም እንደዚህ አንሞኝም ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ስለዚህ ምክንያቱን እኔ ልጻፈው።

ብዙዎቻችን ባትሪ ቀጥተኛ ጅረት ስለሚሰጥ በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ነገር እንደ ቦይ ውኃ በዝምታ የሚፈስ ይመስለናል። ኢንቨርተሩ ግን እንዲህ አይጠጣም። የሚያወጣው 220 ቮልት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ኃይል የሚፈልገው በሰከንድ 100 ጊዜ በጉንጭ በጉንጭ እየጎረሰ ነው፤ በውስጡ ያሉት ማብሪያ ማጥፊያ ትራንዚስተሮች ደግሞ በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ኢንዳክታንስ የሚባለው ጠባይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጅረት ያለበት ገመድ ዙሪያውን መግነጢሳዊ መስክ ስለሚፈጥር፣ የጅረቱ መጠን በድንገት እንዳይለወጥ ያ መስክ ይከላከላል። ጭነት የያዘ ጋሪ ለመነሳት እንደሚያስቸግር፣ ከተነሳ በኋላም ለመቆም እንደሚያስቸግር ማለት ነው። የመስኩ ብዛት የሚወሰነው በዋናነት ሄዶ የሚመለሰው ገመድ በሚከበው ስፋት ነው። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተጣብቀው ከሄዱ ጅረታቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ የአንዱ መስክ የሌላውን ያጠፋዋል፤ አንዱ ጣሪያ፣ ሌላው ወለል ሲሆን ግን የሳሎናችን ግድግዳ በሙሉ አንድ ትልቅ የሽቦ ቀለበት ይሆናል።

በቁጥር ላስቀምጠው። አምስት ሜትር ርዝመትና ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ያ ቀለበት ወደ 16 ማይክሮ ሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው፤ ያው 35 ካሬ ገመድ ተጣብቆ ቢሄድ ከ3 ማይክሮ ሄንሪ አያልፍም ነበር። 16 ማይክሮ ሄንሪ በ100 ኸርትዝ ወደ 10 ሚሊ ኦም የሚደርስ ተቃውሞ ይሰጣል፤ የመዳቡ የራሱ ሬዚስታንስ ደርሶ መልስ 7 ሚሊ ኦም ያህል ብቻ ነው። ሁሉም ባለሙያ የተጨነቀው ለትንሹ ቁጥር ነበር፤ ትልቁን የጠቀሰልኝ የለም። በጣም የሚያናድደው ደግሞ የ70 ካሬው ገመድ ጉዳይ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ሬዚስታንሱ በእርግጥ በግማሽ ይወርዳል፤ ኢንዳክታንሱ ግን በውፍረት እምብዛም ስለማይለወጥ የቀነሰልኝ ከ20 አንድ እጅ ያህል ነው። በዚያ ሁሉ መዳብ ፋንታ ሁለቱን ገመዶች በአንድ ጥቅል ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ማሰር የተሻለ ውጤት ይሰጠኝ ነበር። ያ በምስማር ላይ ያማረው ጥቅልም ቢሆን ጌጥ አልነበረም፤ ኢንዳክታንስ በዙሩ ብዛት ካሬ ስለሚያድግ ሦስት ዙር የአንዱን ዙር ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይሰጣል። የተረፈ ገመድ ይቆረጣል እንጂ አይጠቀለልም።

ከባትሪው የሚመጣው ጅረት በዚህ ምክንያት ሲዘገይ፣ ኢንቨርተሩ የጎደለውን ከመግቢያው ካፓሲተሮች ይወስዳል። እነሱም ከአቅማቸው በላይ ሲሞሉና ሲራገፉ ይግላሉ። ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው የዚህ ዓይነት ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። ነጋዴው «ሙቀት ነው» ያለው ነገር እንግዲህ እውነትነት ነበረው፤ ሙቀቱ ግን የመንዝ አየር ሳይሆን ገመዱ ከሩቅ ያቀጣጠለው ነው። ባትሪው ሞልቶ እያለ የሚጮኸው ደወልም ምሥጢሩ ይኸው ነው። ቴስተሩ የሚያሳየው አማካዩን ቮልት ሲሆን፣ ኢንቨርተሩ የሚያየው በሰከንድ 100 ጊዜ ዝቅ የሚለውን ሸለቆ ነው። ሦስተኛውን ኢንቨርተር በአሮጌው መንገድ ለአንድ ሰዓት ብቻ አገናኝቼ፣ ፓምፑንና ካውያውን አንድ ላይ አስነስቼ ቴስተሩን ወደ ተለዋዋጭ (AC) ቮልት መለኪያው አዙሬ መግቢያው ላይ ብለካ 0.9 ቮልት አሳየኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በእጄ የነበረ መሣሪያ ነው፤ እጀታውን አንድ ደረጃ ማዞር ብቻ ነበር የቀረኝ።

አሁን ወደ «እሳት ይነሳል» ልመለስ፤ ብሶቴ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነውና። ልባሳቸው ጤነኛ የሆኑ ሁለት ገመዶች ስለተነካኩ ምንም አይነሳም። እሳት የሚነሳው ልባሱ በአይጥ ተበልቶ ወይም በምስማር ተወግቶ ፖዘቲቩ ከኔጌቲቩ ሲገናኝ ነው፤ ያኔ የሚያድነው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ የሚቀመጥ ፊውዝ ነው። የእኛ ገጣሚ እሳት ፈርቶ ገመዶቹን በሁለት ሜትር ሲያራርቅ ፊውዝ ግን ጭራሽ አላስገባም። በእሱ ፋንታ ያስቀመጠው ለቤት መብራት የሚሆን ብሬከር ነው፤ የቤት መብራት ጅረት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብሬከሩ ብልጭታውን ያን ጊዜ ይቆርጠዋል፣ የባትሪ ጅረት ግን ዜሮ ስለማይነካ ለዚያ ያልተሠራው ብሬከር ውስጥ እሳቱ እንደተያያዘ ሊቀር ይችላል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ በእኛ ቤት ብቻ የተፈጸመ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ለሁሉም መብራት ለማዳረስ ሲያቅድ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ ላለ ኃይል መድቦ ነበር። ሰዎች የሶላር ሥራቸውን ፎቶ ሲለጥፉ ግን ዓይኔ ፓኔሉን ትቶ ገመዱን ይፈልጋል፤ ቀዩ በግራ፣ ጥቁሩ በቀኝ፣ በመሐላቸው ደግሞ ባትሪዎቹ እንደ ሙሽራ ተቀምጠው አያለሁ። ገመዶቹን በብረት ሳጥን ላይ በሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች የሚያስገባም አለ፤ ብረቱ የእያንዳንዱን ገመድ መስክ ሰብስቦ ኢንዳክታንሱን ይጨምራል፣ ራሱም ይግላል፤ ሁለቱ በአንድ ቀዳዳ ቢያልፉ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

እኔ ኢንቨርተሩን ከሳሎን አውርጄ ከባትሪዎቹ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ ጓዳው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በላያቸው አላደረግሁትም፤ ባትሪ ሲሞላ ሊተነፍስ የሚችለው ጋዝ ወደ ላይ ይወጣልና። ገመዶቹን ልክ ቆርጬ፣ ከባትሪው ሥር ለጅረቱ የሚመጥን የባትሪ ፊውዝ አስገብቼ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አጋድሜ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኳቸው። ያው ፓምፕና ያው ካውያ አብረው ተነሱ፤ ቴስተሩ 0.35 አለ፣ ደወሉም አልጮኸም። እማዬ የሳሎኑ ግድግዳ ባዶ መቅረቱ ደስ አላሰኛትም፤ የፎቶ ፍሬም ሰቅላበታለች።

ለጥምቀት ስሄድ በመጀመሪያ ያየሁት ጓዳውን ነው። ማሰሪያዎቹ አንድ በአንድ በቢላዋ ተቆርጠዋል፤ በሁለቱ ገመዶች መካከልም እንደ ድንበር ከላይ እስከ ታች የጣውላ ቁራጭ ተሰክቷል። «አባዬ፣ ይህን ማን አደረገው?» ስለው፣ ጋቢውን እያስተካከለ «ባለሙያው የነገረንን ረሳኸው እንዴ ልጄ? ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ነው» አለኝ።