ንፋስ ይወስድሻል ያላችሁኝ፣ ይኸው ወሰደኝ

ከልጅነቴ ጀምሮ «አንቺ ልጅ ንፋስ እንዳይወስድሽ ኪስሽ ውስጥ ድንጋይ ክተቺ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ ያውም አዳማ ውስጥ፣ ንፋስ ብርቅ ባልሆነበት ከተማ። እና ይኸው በ34 ዓመቴ፣ ሆላንድ አገር፣ ብራወርስዳም የሚባል ግድብ አጠገብ ያለ የባህር ዳርቻ ላይ ንፋስ ወሰደኝ። በገዛ ገንዘቤ። 550 ዩሮ ከፍዬ።

ለማታውቁት፣ ካይትሰርፊንግ ማለት ወገብሽ ላይ ሃርነስ የሚባል ሰፊ ቀበቶ ታጥቀሽ፣ እግርሽን ቦርድ ላይ ባለው ማንገቻ ሰክተሽ፣ 20 ምናምን ሜትር ገመድ ጫፍ ላይ ያለ ትልቅ ካይት፣ ማለትም በንፋስ የሚበር የጨርቅ ክንፍ፣ ውሃ ላይ ሲጎትትሽ ነው። የህፃን ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ገብቷል፣ ውድድሩ ማርሴይ ነበር። የሀበሻ ጓደኞቼማ «የአገርሽ ስፖርት ሩጫ አለልሽ አይደል እንዴ፣ ምን አስቀላወጠሽ» ነው የሚሉኝ። እሺ እሱ ይቅር፣ የኔ ብሶት ስፖርቱ አይደለም። እቃው ነው!!

ኮርስ ላይ እያለሁ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር፣ ከግድቡ በውስጥ በኩል ያለው ሃይቅ ላይ፣ ማዕበል የለ ምን የለ፣ የሰጡኝ ካይት ትንሽዬ ነበረች፣ ቁጥሯን እንኳን አላየሁም፣ ሞኝ ነኝ። ከዚያ የራሴን ልግዛ ብዬ ሱቅ ሄድኩ። የሱቁ ልጅ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ከላይ ወደ ታች አየኝና (እዚህ አገር ሰው ሁሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየኝ፣ ደቾች በቁመት ከዓለም አንደኛ ናቸው፣ እኔ 1 ሜትር ከ56 ነኝ) «ጀማሪ ነሽ?» አለኝ። አዎ። «እንግዲያው 12 ሜትር ነው የሚያስፈልግሽ፣ ሁሉም በ12 ነው የሚጀምረው፣ አንድ ያገለገለ አለኝ በቅናሽ።» (12 ሜትር ሲሉ የካይቱ ስፋት ነው፣ ካሬ ሜትር ማለታቸው ነው።) ስንት ኪሎ ነሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ 48 እለው ነበር። 48ም የሚሆነው ዶሮ ወጥ በልቼ ስመዘን ነው።

ትንሽ አይበዛብኝም ወይ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታድጊበታለሽ።» ወይ ጉድ! ይቺን ነገር የት ነው የማውቃት? እማዬ መስከረም ሲመጣ የትምህርት ቤት ጫማ ሁለት ቁጥር አስበልጣ ገዝታ «ለከርሞም ይሆናታል» እያለች ጫፉ ላይ ጨርቅ የምትጠቀጥቅልኝ ነገር እኮ ናት። የእማዬ ጫማ ቢያንስ መሬት ለመሬት አልጎተተኝም።

ቆይቶ ሲገባኝ ጉዳዩ ቀላል ሂሳብ ነው። ካይት የሚመረጠው በጀማሪነት ሳይሆን በኪሎና በንፋስ ነው። 80 ኪሎ የሆነ ሰው 12 ሜትር ካይት በሚይዝበት ንፋስ እኔ የሚያስፈልገኝ በግምት 7 ነው። ንፋሱ ደግሞ ከ15 ወደ 20 ኖት (የባህር ሰዎች የንፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው) ሲወጣ ጉልበቱ በአንድ ሶስተኛ የሚጨምር እንዳይመስላችሁ፣ ወደ እጥፍ ይጠጋል። እና ሰዎቹ «ዛሬ ንፋሱ አሪፍ ነው» ሲሉ ለነሱ አሪፍ ነው፣ ለኔ ማዕበል ነው። ከካይቱ ጋር የመጣውን የመጠን ሰንጠረዥ ገልጬ አየሁት እኮ፣ ከ60 ኪሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በታች ሰው የለም በቃ።

ያን ቀን 17 ኖት ነበር። ካይቱን አስነሱልኝ፣ ከራሴ በላይ ቆመ፣ ተረከዜ ከአሸዋው ሲነሳ ይታወቀኛል። ከዚያ ትንሽ ወደ ጎን ዘመም አለ እና አለቀ። እዚህ ላይ ማንም በቅጡ ያልነገረኝን ልንገራችሁ፣ ሰው ሲደነግጥ በእጁ ያለውን ነገር ጭምቅ አርጎ ይይዛል፣ ወደራሱም ይስባል፣ ካይት ላይ ደግሞ ባሩን፣ በእጅሽ የምትይዣትን መሪ፣ ወደራስሽ በሳብሽው ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፣ መዳኛው መልቀቅ ነው። ኮርስ ላይ ተነግሮኛል፣ ሰምቻለሁ፣ ሰውነቴ ግን አልሰማም። በደረቴ አሸዋውን እያረስኩ ስሄድ ሁለት ሰውዬዎች ከኋላ ሃርነሴን ይዘው ለገበያ እንደሚነዳ በግ አስቆሙኝ። አንደኛው እየሳቀ «ትንሽ ትልቅ አይሆንብሽም?» አለ። አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ሱቅ ውስጥ የት ነበርክ?

ከዚያ ባሩ። ከ12 ሜትር ካይት ጋር የሚመጣው ሰፊ ነው፣ እሱ እንኳን ምንም አይደል። ችግሩ ከባሩ በላይ ካይቱን የምታዳክሚበት፣ ዲፓወር የሚባለው፣ የሚሳብ ገመድ አለ፣ ያቺ ገመድ ያለችው የሰውዬዎቹ ክንድ የሚደርስበት ቦታ ነው። እኔ ባሩን እስከ ጫፍ ከለቀቅኩት ባሩ ራሱ ከእጄ ይርቃል፣ ገመዷማ ጭራሽ ሰማይ ቤት ናት፣ የሚያድነኝ ነገር ከአይኔ ፊት ተንጠልጥሎ አልደርስበትም፣ ቁም ሳጥን ላይ እንደተደበቀ ስኳር። ወደ ላይ የሚሄድበት ርቀት አጠር የሚል ባር እንዳለ፣ እሱም በኪሎ ሳይሆን በክንድ ርዝመት እንደሚመረጥ ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። (በነገራችን ላይ ስሞቹ ራሳቸው ጉድ ናቸው። ችክን ሉፕ የሚባል ቀለበት አለ፣ የዶሮ ቀለበት በሉት። ቀለበቱ ከመንጠቆው እንዳይወጣ የሚይዛት ፕላስቲክ ደግሞ የአህያ ምናምን የሚል ስም አላት፣ ቤተሰብ ስለሚያነብ አልጽፈውም።)

ሃርነሱን ሳስበው ንዴቴ ይነሳል። ስሞል ተብሎ የተሰጠኝ የደች ስሞል ነው። ካይቱ ወደ ላይ ሲጎትት ሃርነሱ ወገቤን ትቶ ጎድን አጥንቴ ላይ፣ ከዚያ ጡቴ ስር፣ ከዚያ ብብቴ ውስጥ፣ ስመለስ እንደ ጡት መያዣ ነው ለብሼው የምመጣው። ትንፋሽ የለም። አጥብቂው ይሉኛል፣ መጨረሻ ድረስ ጠብቋል እኮ! ኤክስ ኤስ ስል በትዛዝ ነው፣ ሶስት ሳምንት። ለሴት ተብሎ በደንብ የተሰራ የለም አልልም፣ አለ፣ ግን እኔ ያየሁት ሱቅ ውስጥ «የሴት» ማለት ያንኑ የወንዱን እቃ ሮዝ ቀለም መንከር ነው። በመጨረሻ ያዳነችኝ ባህር ዳር የተዋወቅኳት ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች አስተማሪ ናት፣ «የመቀመጫ ሃርነስ ልበሺ፣ በእግርሽ መሀል ስለሚታሰር ወደ ላይ አይወጣም» አለችኝ። ዳይፐር ነው የሚመስለው፣ ፎቶ ላይ አያምርም፣ ግን መተንፈስ ቻልኩ።

ዌትሱት፣ ያንን የቀዝቃዛ ውሃ የጎማ ልብስ፣ አታስነሱኝ። ግንቦት ላይ የሰሜን ባህር ውሃ 12 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ቆዳ ላይ ካልተጣበቀ ጥቅም የለውም። የኔው ጉልበቱ ላይ ተጨማድዶ፣ ጀርባው ላይ ውሃ ያጠራቅማል፣ ማድጋ ተሸክሜ የምዋኝ ነው የሚመስለኝ። የልጆች ክፍል ሂጂ አሉኝ፣ ሄድኩ፣ የ14 ዓመት ልጅ ቁጥር ርዝመቱ ልክ፣ ዳሌ ላይ ግን ወይ ፍንክች። ሻጯ ለስንት ዓመት ልጅ ነው ስትለኝ ለራሴ ነው ለማለት አፍሬ ለእህቴ ልጅ ነው አልኳት። ኸልሜት ደግሞ ሹሩባ ከተሰራሽ አይገባም፣ ካልተሰራሽ ይሽከረከራል።

ቦርዱ እንኳን ብዙም አላስቸገረኝም፣ መጀመሪያ የሰጡኝ 155 ሴንቲ በር ነበር፣ ጠርዙን ውሃው ውስጥ የማስጠምበት ክብደት ከየት ይምጣ፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። አሁን 136 ላይ ነኝ፣ ሰላም ነው፣ ማንገቻዎቹ ለ36 ቁጥር እግር ቢሰፉም።

እና ያገለገለ 7 ሜትር ፍለጋ ገባሁላችሁ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየኝ። ለ90 ኪሎ ሰው 7 ሜትር ማለት የአውሎ ንፋስ ካይቱ ናት፣ በዓመት ሁለቴ ነው የሚያወጣት፣ ስለዚህ አይቀይራትም። 12ቱን በየሁለት ዓመቱ ይቀይራል፣ 7ቷ ግን ጋራዥ ውስጥ አስር ዓመት ትቀመጣለች። ሲሸጣት «ምንም አልተነካችም» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ግን ከሷ ጋር ያለው ባር ሴፍቲው፣ የአደጋ ጊዜ መልቀቂያው፣ የድሮ ነው፣ በአየር የሚነፉት የካይቷ ቧንቧዎች ደርቀዋል፣ ነፍቼ ሳልጨርስ ትተነፍሳለች። እና እኔ የዕለት እንጀራዬን ከነሱ የክፉ ቀን ቋት ውስጥ እየለቀምኩ ነው። ትንሽ ካይት ደግሞ ትንሽ ስለሆነች ጨዋ እንዳትመስላችሁ፣ ቶሎ ነው የምትዞረው፣ አንዲት ስህተት ስትሰሪ ከትልቁ ቀድማ ታስከፍልሻለች። «ትንሽ ያዢ፣ ምንም አትሆኚም» ብሎ የሚመክርም እዚያው ሱቅ ውስጥ አለላችሁ።

አሁን አንዲት ደህና 7 እና አንዲት 9 አግኝቻለሁ፣ ባሯም ክንዴ የሚደርስባት ናት። ባለፈው ቅዳሜ ንፋሱ 14 ኖት ብቻ ሆኖ እነዚያ ሁለት ሜትር ሰውዬዎች 12ቱን ይዘው ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ሲሰምጡ እኔ በ9ኟ ሄድኩ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል። ከዚያ ወደቅኩ። ግን ሄድኩ።

ለማንኛውም 12 ሜትር ካይት ከነባሩ እሸጣለሁ፣ በኔ እጅ ሁለት ጊዜ ብቻ የበረረ፣ አንዱን ጊዜ እኔን ይዞ። 400 ዩሮ፣ ትንሽ አሸዋ አለበት። ኪሎአችሁን ሳትነግሩኝ ኢንቦክስ እንዳትገቡ።