ገብሳችንን ከእንግዳ የምንደብቀው ለምንድን ነው?

ባለፈው ጥር ወር ከሐዋሳ የመጣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ደህና ስም ወዳለው አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። እንግዳዬ ከተማችንን ሲያይ የመጀመሪያው ነበርና ገና ከመኪናው ሳይወርድ "ዛሬ እናንተ የምትበሉትን ነው የምበላው" ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። አስተናጋጇ ያመጣችልን ሜኑ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ዱለት፣ ተጋቢኖ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ በሥጋ፣ ሩዝ በአትክልት ይላል። "ከገብስ የተሠራ ምን አላችሁ?" ብዬ ብጠይቃት ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ "ጋሼ፣ ገብስማ ከቤትዎ አይጠፋም፤ እዚህ ምን ያደርግልዎታል?" አለችኝ። እንግዳዬም ክትፎ አዘዘ። ክትፎው መጥፎ አልነበረም፤ ነገር ግን ያንኑ ክትፎ፣ ምናልባትም ከዚያ የተሻለውን፣ ሐዋሳም ያገኘው ነበር።

የልጅቷ መልስ በቀልድ የተነገረ ቢሆንም እውነት ነው፤ የሚያሳስበኝም እውነት መሆኑ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ምርጡ ምግባችን ያለው በየቤታችን ጓዳ ሲሆን፣ ምግብ ቤቶቻችን የሚያቀርቡልን ደግሞ በየትኛውም የአገሪቱ ከተማ የሚገኘውን ነው። ለዚህ ባለ ምግብ ቤቶችን መውቀስ ይቀላል፤ እኔ ግን ጥፋቱ ከእኛ ከአገሩ ሰዎች ይጀምራል ባይ ነኝ። ገብስን የድሃ ምግብ አድርገን ቆጥረነዋል፤ ለእንግዳ ማቅረብም እናፍራለን።

የምግብ ነገር ከተነሣ ሰሜን ሸዋ ያልታደለው ነገር የለም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከተቀመጠችው ደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ መንገደኛ በግማሽ ቀን ውስጥ ከጋቢ ወደ ሸሚዝ ይሸጋገራል። ላይ ባቄላና ምስር፣ ታች ማሽላ፣ ማሾና በመስኖ የሚለማ ቀይ ሽንኩርት አለ። በሌላ አቅጣጫ ምንጃርና ሞረትና ጅሩ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ያመርታሉ። ደብረ ሲና ላይ ደግሞ መኪና በቆመ ቁጥር ቆሎ የያዙ ሴቶችና ልጆች መስኮቱን ይከቡታል።

ደጋው ግን የገብስ አገር ነው። በመንዝና በአንኮበር ከፍታዎች ጤፍ ብርዱን ስለማይችለው እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ገንፎውም፣ ቅንጬውም፣ በሶውም፣ ቆሎውም፣ ጠላውም ከገብስ ነው። ገበሬው ገብስን በአንድ ስም ብቻ አይጠራውም፤ ነጭ ገብስ አለ፣ ጥቁር ገብስ አለ፣ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ለቆሎ የሚመረጠው ሰነፍ ገብስም አለ (ስንፍናው የገብሱ ይሁን የፈታጊዋ እስካሁን አልለየልኝም)። አባቶች "ገብስ የእህል ንጉሥ" ይሉታል። ዛሬም ቢሆን ክፉ ክፉውን ትተን ደስ የሚለውን ብቻ መጨዋወት ስንፈልግ "ገብስ ገብሱን እናውራ" እንባባላለን። በንግግራችን እንዲህ ያከበርነውን እህል ሰው ፊት ለማቅረብ ማፈራችን ለእኔ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

በምግብ ቤቶቹ ላይ በችኮላ እንዳልፈርድ የእነሱንም ችግር ላንሣ። የገብስ እንጀራ ጠዋት ተጋግሮ ማታ ሲደርስ ይደርቃል፤ እንደ ጤፍ እንጀራ ሦስት ቀን ሰንብቶ፣ ተጠቅልሎ አይቀርብም። ገንፎ በትዕዛዝ ካልሆነ በቀር አስቀድሞ የሚሠራ ምግብ አይደለም፤ ትኩሱን ካልተበላ ዋጋ የለውም። ገብስ እንደ ጤፍ ተነፍቶ በቀጥታ ወደ ወፍጮ አይሄድም፤ አስቀድሞ መፈተግ፣ ገለባውም በሰፌድ መለየት አለበት። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ ቅንጬ በማለዳ በአንድ ትልቅ ድስት ከተሠራ ለብዙ ሰው ይበቃል። በሶ አንድ ጊዜ ተቆልቶ ከተፈጨ ሳይበላሽ ለወራት ይቆያል፤ ለዚያም ነው መንገደኛው፣ ተማሪውና ዘማቹ ሲሰንቁት የኖሩት። በሶውን ጭብጦ ለማድረግ ደግሞ ውኃ፣ ጨው፣ ትንሽ በርበሬና ቅቤ እንጂ እሳት እንኳ አያስፈልግም። እሳት የማይጠይቅ፣ የማይበላሽ፣ ጥሬ ዕቃው ከከተማው ዳር የሚመጣ ምግብ ሜኑ ላይ የሌለው በአሠራሩ ችግር ነው ቢሉኝ አላምንም።

ከቤት ውጭ መብላትን የምነቅፍም እንዳይመስልብኝ። ውጭ ቢበላ የሚሻል ምግብ አለ፤ ጥሬ ሥጋ አንዱ ነው። አንድ ቤተሰብ ለራሱ ብቻ በሬ አያርድም፤ ለገናና ለፋሲካ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ይገባል፣ በሌላው ጊዜ ግን ሥጋ ቤት ይሄዳል። በዚህ ረገድ ደግሞ የአገራችንን ያህል የታደለ ጥቂት ነው። በሞረትና ጅሩ ገበሬው ቤት አስሮ፣ እየቀለበ የሚያደልበው የጅሩ ሰንጋ ለበዓል ሲቀርብ የአዲስ አበባ ሰው ሳይቀር ስሙን እየጠራ የሚገዛው ነው። ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ቆሞ "ከሻኛው አድርግልኝ፣ ከዳቢቱም ትንሽ ጨምር" እያሉ ማስመረጥ፣ ከዚያም አዋዜና ሚጥሚጣ አስቀርቦ ከጓደኛ ጋር ቢላዋ ይዞ መቀመጥ፣ በቤት ውስጥ የማይገኝ ደስታ ነው። የጾም በያይነቱም እንዲሁ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ በሚጾምበት አገር ስምንት ዘጠኝ ዓይነት ወጥ በአንድ ትሪ ማግኘት፣ ለሦስት ሰው ቤተሰብ ቤት ውስጥ የማይሞከር ልፋትን በጥቂት ብር እንደመግዛት ይቆጠራል። እዚህም ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ከባቄላ ዱቄት፣ ከሱፍና ከሰናፍጭ ተዘጋጅቶ ኮምጠጥ ብሎ የሚቀርበው ስልጆ፣ ያውም በባቄላ አገር፣ እኔ ከማዘወትራቸው ምግብ ቤቶች ትሪ ላይ ከጠፋ ቆይቷል።

ወደ እንግዳዬ ልመለስ። በማግስቱ እሑድ ነበርና በአንኮበር መንገድ ከከተማው ወጣ ብላ ወደምትኖረው አክስቴ ቤት ወሰድኩት። አክስቴ በደስታ ተቀብላ ካስቀመጠችን በኋላ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ምነው ልጄ፣ ሰው ይዘህ ስትመጣ አትነግረኝም? ዶሮ እንኳ አልያዝኩም" ብላ ወቀሰችኝ። "እትዬ፣ የመጣነው ለገብስ ገንፎ ነው" ስላት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ "ለእንግዳ ገንፎ? አራስ ነው እንዴ?" አለች። ልመናዬ በርትቶባት እሺ ብትልም እስከ መጨረሻው ድረስ ፊቷ ላይ የነበረው ኀፍረት አልለቀቃትም። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ኀፍረት ነው።

ኩበቱ ተቀጣጥሎ ውኃው ሲንተከተክ ግማሹን በጣሳ ቀንሳ ከእሳቱ ዳር አስቀመጠች። ዱቄቱን በቀረው ውኃ ላይ ከመረችው፤ ወዲያው አላማሰለችውም፤ ፍል ውኃው በዱቄቱ ክምር ጎንና ጎን እየፈላ እስኪያበስለው ድረስ ዝም ብላ ጠበቀች። ከዚያ ድስቱን በጨርቅ ደግፋ፣ ማማሰያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ታሸው ጀመር፤ ጓጓል የታየበትን ቦታ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እያጣበቀች ታደቀዋለች፣ ጠጠር ሲልባት ከቀነሰችው ውኃ ጠብ ታደርግበታለች። ክንዷ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ይታይ ነበር። ገንፎው ከድስቱ ጎን መላቀቅ ሲጀምርና ሽታው ከጥሬ ዱቄት ወደ ተቆላ ገብስ ሽታ ሲለወጥ ብቻ አወረደችው። በገበታው ላይ ገልብጣ፣ ውኃ በነካ ማንኪያ ዙሪያውን አለሰለሰችውና መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ የተነጠረ ቅቤና በርበሬ ሞላችበት። እንግዳዬ ከዳሩ እየቆረሰ፣ ወደ ቅቤው እያጠቀሰ፣ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው በላ። ሲጨርስ "ይኼ ከተማ ውስጥ የት ይሸጣል?" ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

እዚህ ላይ ራሴንም የሚነካ ነገር ልጨምር። አክስቴ ያን ሁሉ ስትለፋ እኔና እንግዳዬ መደብ ላይ ተቀምጠን ጠላ እየጠጣን ነበር። የቤት ምግብን ጣዕም እያደነቅን የምንጽፍ ወንዶች፣ ያ ጣዕም የማን ጉልበት እንደሆነ ስንጽፍ እምብዛም አንታይም። የቤት ምግብ ርካሽ ነው ሲባል የምሰማው የሴቶቹ ሰዓት በሒሳቡ ውስጥ ስለማይገባ ነው፤ ብርዱ ለሊጥ መኩፋት የሚጨምረው ቀን፣ ፈተጋው፣ ጢሱ፣ ሽንኩርት ሳይቃጠል እስኪቁላላ ድስቱ ሥር መቆሙ፣ ሁሉም በነፃ እንደተገኘ ይቆጠራል። ስለዚህ ገብስ ወደ ምግብ ቤት ይውጣ ስል ለእንግዳው ብቻ ተጨንቄ አይደለም። ገንፎ ማገንፋት የምትችል ሴት ሙያዋ ዋጋ ተተምኖለት፣ ደመወዝ እንዲከፈላት የሚያደርገው ያ ብቻ ነው። ወንዶቹም እንደ ክትፎው ሁሉ ለገንፎ ከኪሳችን ማውጣት ስንጀምር ልፋቱን ማየት እንጀምር ይሆናል።

ኀፍረት በአዋጅ አይጠፋም፤ ቢሆንም ከምግብ ጋር የተያያዘ ኀፍረት ሲለወጥ ያየነው ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል በከፈቱበት ዘመን በገንዘብ ከፍሎ መብላት እንደ ነውር ይታይ ነበርና፣ ሰው እንዲለምደው ሲሉ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ ከፍለው ይበሉ ነበር ይባላል። እኒሁ ንጉሥ የተወለዱት ከደብረ ብርሃን በማትርቀው አንጎለላ፣ በነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው፤ የገብስ አገር ልጅ ናቸው። ዛሬ ያንን ሊያደርጉ የሚችሉት በየስብሰባውና በየሠርጉ ግብዣ የሚያዙት ናቸው። በከተማችን በሚደረግ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ለሻይ ዕረፍት የሚቀርበው ቦምቦሊኖና ኬክ ነው፤ በምትኩ ጭብጦና ቆሎ ቢቀርብ ወጪው የሚያንስ ይመስለኛል፣ ከአዳራሹም የሚከፋ ሰው አይኖርም።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ገብስ በፈሳሽ መልኩ ሲመጣ ማንም የማያፍርበት መሆኑ ነው። ሐበሻና ዳሸን ሁለቱም በደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካ አላቸው፤ በየምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረው ጠርሙስ የገብስ ብቅል ውጤት ነው። የአካባቢው ስም የታወቀበት የደብረ ብርሃን አረቄም ብቅል ሳይኖር አይወጣም። ሰውየው ገብሱን በብርጭቆ ይዞ ገብስ የተባለውን ምግብ ግን የገጠር ነው ይላል። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ግን ገብሳችንን ካወቁት ቆይተዋል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ የገብሳችንን ዝርያ ብዛት መዝግቧል፤ ከዚያ በኋላም ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ የዘር ባሕርይ የካሊፎርኒያን የገብስ እርሻ ከቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ ለመከላከል ውሏል። በገብስ ውስጥ የሚገኘው ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር የደም ኮሌስትሮልን ለመቀነስ እንደሚረዳም የታወቀ ነው። እኔ ግን ገንፎ የምበላው ለኮሌስትሮሌ ብዬ አይደለም፤ አንባቢም ለመድኃኒትነቱ ብሎ ባይበላው እመርጣለሁ፣ መድኃኒት ነው ተብሎ የሚበላ ምግብ ጣዕሙ ይቀንሳልና።

ገዢ አይገኝም የሚል ባለ ምግብ ቤት ካለ ደግሞ አንድ ነገር ልጠቁመው። በመናኸሪያው አቅራቢያ፣ ስም እንኳ ያልተጻፈባት፣ አራት አግዳሚ ወንበር የምትይዝ የቁርስ ቤት አለች። ባለቤቷ ጠዋት የምታቀርበው የገብስ ቅንጬ በቅቤ ብቻ ነው፤ ደንበኞቿም ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ተሸካሚዎችና አንዳንዴም ሱፍ የለበሱ የቢሮ ሰዎች ናቸው። እንግዳዬን ለመሸኘት በሄድንበት ሰኞ ጠዋት እዚያ ቁርስ ላበላው አስቤ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ ሴትዮዋ ድስቱን አጥባ ፀሐይ ላይ ደፍታዋለች፤ "ልጆቼ፣ ለነገ አንድ ሰዓት ላይ ድረሱ" አለችን። እንግዳዬ በባዶ ሆዱ አውቶቡስ ተሳፈረ።