መርማሪዋ አልቃሽ ትሁን

የአማርኛ ታሪካዊ ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ቤተ መንግሥትና ጦር ሜዳ ነው። ንጉሥ ይነግሣል፣ ራስ ይሸፍታል፣ ነጋሪት ይጎሰማል። እነዚህን መጻሕፍት እወዳቸዋለሁ። ግን የጎደለን ነገር አለ፤ የሚያስቅ የድሮ ዘመን የግድያ ምስጢር። ገዳዩ ማን ይሆን እያልን ገጽ የምንገልጥበት፣ መሃል ላይ ሆዳችንን ይዘን የምንስቅበት። መርማሪውም ማንም ያልጠበቀው ሰው የሆነበት።

እንግሊዞች ይህን ተክነውበታል። ሹራብ የምትሠራ አሮጊት፣ የገጠር ቄስ፣ የገዳም መነኩሴ ሳይቀር ነፍሰ ገዳይ ያሳድዳሉ። እኛ ጋ ግን የወንጀል ልብ ወለድ ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ካፖርት ለባሹ መርማሪ ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን ወንጀል ሲያጣራ የኖረው ደግሞ መንደርተኛው ራሱ ነበር።

አውጫጭኝን አስቡት። አንዳንዱ አገር አፈርሳታ ይለዋል። ቤት ተቃጠለ፣ ከብት ተሰረቀ፣ ሰው ተገደለ፤ አድራጊው ግን አልታወቀም። አዋጅ ይነገርና የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ ሰዉ በየተራ ይምላል፣ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። በግልጽ መናገር የፈራ በምስጢር ጥቆማ ያቀብላል። ጥፋተኛው እስኪገኝ ወደ ቤት መሄድ የለም። ጭራሽ ካልተገኘ ጉዳቱን መንደሩ አዋጥቶ ይከፍላል።

እስቲ ይህን የልብ ወለድ ምዕራፍ አድርጉት። ሦስተኛው ቀን ነው። ስንቅ አልቋል። ማሳው አረም እየበላው ነው። አንዱ የጎረቤቱን የወሰን ድንጋይ መግፋቱን ሳይጠየቅ ይናዘዛል። ሌላው የሚስቱን ወንድም ይጠቁማል፤ ለምን ቢባል የ5 ዓመት ቂም ነው። የመንደሩ ገመና ሁሉ ሲዘረገፍ ስለ ሟቹ ግን አንድም ቃል አይወጣም። ለደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣለት?

ሌባሻይም ነበር። አንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ይጠጣል። ወገቡ ላይ መቀነት ይታሰርና ጫፉን ባለሙያው ይይዛል። ልጁ እየተንገዳገደ መንደሩን ያቋርጣል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። በቃ፣ ማስረጃው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያለብን ይመስለኛል። ያ ልጅ እየተመረዘ ነበር። ባልሠራው ወንጀል ንብረቱን ያጣ ስንት ምስኪን አለ። በልጁና በከሳሪው ገበሬ መሳቅ ነውር ነው። ሊሳቅበት የሚገባው ልጁ ወደ እሱ ግቢ ሲዞር ላብ የሚያጠምቀው ባላባት ነው።

እኔ ግን ምርጫ ቢሰጠኝ መርማሪ የማደርገው አልቃሽ ነው።

ሥራዋን ልብ በሉት። ሰው በሞተ ቁጥር ትጠራለች። ሙሾ ለማውጣት ስለ ሟቹ ማወቅ አለባት። ዘመዶቹን ትጠይቃለች፤ የማን ልጅ ነበር? ከማን ጋር ተጣልቶ ታረቀ? ማታ ምን በላ? ነገሩ እንዴት ነው ድንገት የሆነው? ሌላ ሰው እንዲህ ቢጠይቅ ይጠረጠራል። እሷን ግን ሁሉም እንባውን እየጠረገ ይመልስላታል። ከዚያ የሟቹ ልብስና ጠመንጃ ወደተዘረጋበት ድንኳን ትገባለች። ደረት የሚደቃውን፣ ደረት የሚደቃ የሚመስለውን፣ በነጠላው ሥር ሰው የሚቆጥረውን ሁሉ ፊት ለፊት ታያለች። ገዳዩም መቅረት አይችልም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ያኔውኑ ስሙ ይነሳል። ስለዚህ መጥቶ ማልቀስ ግዴታው ነው፤ እውነተኛ እንባ ከሐሰተኛው ለመለየት ደግሞ ከእሷ የተሻለ ዳኛ የለም።

ያየችውንም ፊት ለፊት ሳትከስ መናገር ትችላለች። እንዲህ ብትል፦

ማታ ደህና ነበር፣ ከጠጅ ቤት ሲመጣ፤
ማን ቀዳለት በሉ፣ ያንን ክፉ ዕጣ?

ድንኳኑ ሁሉ ያለቅሳል። አንድ ሰው ብቻ ቀና ይላል።

ብቻዋንም አይደለችም። ደብተራ አጠገቧ ይሁን። እሱ ደብዳቤ ያነባል፣ ሥርና ቅጠሉን ያውቃል፣ የቱ መድኃኒት የቱ መርዝ እንደሆነ ይለያል። እሷ «መሪጌታ፣ ይህንን መርዝ እንዴት እንዲህ አሳምረው አወቁት?» እያለች እሱንም ትጠረጥረዋለች። እሱ «እሜቴ፣ እርስዎ ሟች ሳይቀበር ግጥሙን ከየት አመጡት?» ይላታል። ሁለቱ እየተነቋቆሩ አንድ ነፍሰ ገዳይ ሲያሳድዱ ያየ አንባቢ መጽሐፉን አያስቀምጥም።

ቦታው በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ያለችው አዲስ አበባ ትሁን። ያኔ ከተማዋ ገና ልጅ ነበረች። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ሥራ ጀምሯል። ባቡሩ ገና ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ሲኒማ ያዩ ሰዎች ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብለውታል። በገበያው ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ይሠራሉ። አሞሌ ደግሞ ጠንካራ ነው። አንድ ነጋዴ ጭንቅላቱን ተመትቶ ቢገኝስ? የተመታበት ነገር ይፈለጋል፤ የለም። የአራዳ ዘበኛ ጎራዴ እየፈተሸ ይውላል። አልቃሿ ግን በረት ውስጥ ያለችውን በቅሎ ታያለች። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እየጠጣች አልረካችም። ገዳዩ አሞሌውን አስልሷታል!

በሞት መሳቅ ነውር ነው የሚል ይኖራል። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ የሟቹን ቀልድ የሚያወራ አይጠፋም፣ ሐዘንተኛዋም እያነባች ትስቃለች። ስለ ደም ራሱ ስንት ወግ አለን። አንዱ ከዛፍ ወድቆ ከሥር የነበረውን ሰው ገደለ ይባላል። የሟች ዘመዶች ካሳ አንቀበልም፣ ደም በደም አሉ። ዳኛው «መልካም። ከእናንተ አንዱ እዚያው ዛፍ ላይ ይውጣና ይውደቅበት» ብሎ ፈረደ። ዘመዶቹ ካሳውን ተቀበሉ።

ይህን ወግ ያወሩ አያቶቻችን ሞትን አልናቁም። ዳኛው የሰው ሕይወት ያተረፈው በዚያ ፍርድ ነው። እኔም የምፈልገው እንዲህ ያለውን ሳቅ ነው። የሚጽፍ ደራሲ ከተገኘ ለሬዲዮ ትረካ እንዲሆን አድርጎ ይጀምረው። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ይተረክ፤ ሙሾው በዜማ ይሰማ፤ ታክሲ ውስጥ ያለውም ተሳፋሪ «ገዳዩ ደብተራው ነው» እያለ ይከራከር።